ከአባ ሁመድ ከረጢት የጎደሉት ድንጋዮች

ልጅ ሳለሁ፣ አዋሽ ከተማ፣ አንድን ሰው ያለ ጥፋቱ ሌባ ብዬዋለሁ። አይ፣ እንዲህ ብሎ መጀመር ልክ አይደለም፤ በልቤ የጠረጠርኩት ቀድሞ ነው፣ በአፌ ያልኩት ቆይቶ።

አባ ሁመድ በወጣትነታቸው ከግመሎቻቸው ጋር የአፋርን ምድር የዞሩ፣ በኋላም የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ሆነው ያረጁ ሽማግሌ ነበሩ። ከየሄዱበት አንድ ድንጋይ አንስተው የማምጣት ልማድ ነበራቸው። ፀሐይ ጠልቃ ሙቀቱ ሲበርድ የሰፈሩ ልጆች ደጃቸው በተዘረጋው ሰሌን ላይ እንሰበሰባለን፤ ያኔ የግራሩ ፍም ከፊታቸው ይቀላል፣ ጭሱ ትንኙን ያርቅልናል፣ የኩራዙ ብርሃን ጢማቸውን ወርቅ ያስመስለዋል። ከቆዳ ከረጢታቸው አንድ ድንጋይ አውጥተው ከአንዳችን መዳፍ ላይ ያኖሩና የዚያን ድንጋይ ተረት ይጀምራሉ። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ባልጩት ነበረ፤ የዛጎል ቅርጽ የታተመበትም ነበረ። እኔ የምወደው ግን ድንጋይ የሆነውን እንጨት ነበር።

«ዛፉ ወንዝ ዳር ነበር» ይሉ ነበር። «ወንዙ መንገድ ቀይሮ ሄደ። ነፋስ መጣና ‹ወንዙ እየተመለሰ ነው› አለው። ዛፉ ‹አይተሃል ወይ?› ብሎ አልጠየቀም። ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ድንጋይ ሆነ።»

አንድ ዓመት ከረጢቱ መሟሸሽ ጀመረ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ድንጋይ ይጎድላል፤ እሳቸው ምንም አይሉም፣ እኛም አንጠይቅም። ዛፉ፣ ያ የምወደው ድንጋይ፣ የጠፋ ዕለት ግን እንቅልፍ አጣሁ። በመጀመሪያ የጓደኞቼን ኪስ በዓይኔ በረበርኩ፤ ቀጥሎ ይማም ላይ አረፍኩ። ይማም ከወሎ መጥቶ መንገድ ዳር ሱቅ የከፈተ ወጣት ነበር፤ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ አባ ሁመድ ቤት ይገባል። ሲወጣ የሸሚዙ ኪስ ከብዶ ይታየኛል። ፈገግ ሲል ተንኮል፣ ዝም ሲል ምስጢር አነብበት ነበር። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ተልኬ ዛፉን መደርደሪያው ላይ አየሁት። ይማም የሳሙናውን ካርቶን ከፊቱ ገፋ፤ ወይም የገፋ መሰለኝ።

በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ወሬ ሳይለዋወጡ አይለያዩም፤ ዳጉ ይባላል። ዳጉ የሚያደርስ ሰው ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ብሎ ይለያል፤ ሰው ውኃና ግጦሽ ፍለጋ የሚነሳው በዚያ ቃል ተማምኖ ነውና። በዚያው ቀን አንድ ግመል ነጂ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሮኝ «ምን አየህ?» አለኝ። ኩራት ያዘኝ።

«ይማም የአባ ሁመድን ድንጋዮች ሲሰርቅ አየሁ» አልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ አፋሮቹ ደንበኞች ከሱቁ ቀሩ። ከሚሌ የመጣ አንድ ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ «ጎበዝ፣ ኪሳችሁን ያዙ! የሽማግሌ ከረጢት የሚፈታው ይኸው ነው!» ሲል ሰማሁ። ይማም የሚመዝነውን ስኳር ወደ ጆንያው መልሶ ደፋው። ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው ተባለ።

ዳጉ ግን የመጣበትን መንገድ ያውቃል። አባ ሁመድ ሾፌሩን «ከማን ሰማህ?» አሉት፤ እሱ የነገረውን ሰው ጠራ፣ ያም ግመል ነጂውን፣ ግመል ነጂው እኔን። አባ ሁመድ ወደ ይማም ሱቅ አስጠሩኝ።

«ሲሰርቅ አየህ?»

«ድንጋዩ መደርደሪያው ላይ…»

«ስለ ድንጋዩ አልጠየቅኩህም። እጁን አየህ?»

«አላየሁም።»

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አሉ። «አረጀሁ፤ የአንዱን ድንጋይ ተረት ከሌላው መቀላቀል ጀመርኩ። ሳልሳሳት የምናገርለትን ብቻ አስቀርቼ፣ ሌላውን ተረቱን ለሚጠብቅልኝ ሰው እሰጣለሁ። ይማም ይሄን ዛፍ ስንት ቀን አስደገመኝ መሰለህ? አንድ ቃል እንዳይጠፋው ብሎ!» ቀጥለው «ላንተም አንድ አስቀምጬ ነበር» አሉ።

«አብሽር አባ ሁመድ፣ ልጅ ነው» አለ ይማም። «ወላሂ፣ ድንጋይ ከሳሙና ጋር የሚደረድር ባለሱቅ ባይ እኔም እጠረጥር ነበር!»

አባ ሁመድ አልሳቁም። መኪኖች ከሚቆሙበት ቦታ ሄጄ፣ ለሚያልፈው ሾፌርና ረዳት ሁሉ «አላየሁም፤ አየሁ ያልኩት ውሸት ነው» እንድል አዘዙኝ። ሦስት ቀን ቆምኩ። «ትናንት ምስክር፣ ዛሬ ንስሐ ገቢ፤ ነገ ደግሞ ዳኛ ልትሆን ነው?» እያሉ ሳቁብኝ፤ ቃሉን ግን ይዘውልኝ ሄዱ። የይማም ሱቅ አልተዘጋም። አባ ሁመድም ለእኔ ድንጋይ ሳይሰጡኝ ሞቱ።

ለመምህርነት ሥልጠና ስሄድ ይማም ዛፉን ባንኮው ላይ አኖረና «በል ተናገር፤ ካልተሳሳትክ ያንተ ነው» አለኝ። ተናገርኩ። «አይተሃል ወይ?» ከሚለው ስደርስ ዓይኔን ከእሱ ወደ ዛፉ አዞርኩ፤ እሱ ግን እስክጨርስ ጠበቀኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሰመራ እኖራለሁ። ባስተማርኩባቸው ከተሞች ሁሉ ድንጋይ ስሰበስብ ኖሬ መደርደሪያዬ ሞልቶ ነበር። ዘንድሮ የዲቾቶውን ድንጋይ ታሪክ የሰርዶው ነው ብዬ ለልጅ ልጄ ስነግራት መሳሳቴ ታወቀኝ። ከዚያ ወዲህ እሰጣለሁ፤ የቀሩኝ አራት ናቸው። አይ፣ ሦስት፤ አንዱን ዛሬ ጠዋት ለጎረቤቴ ሰጥቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ መደርደሪያውን ትክ ብላ አይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ጎረቤታችን ድንጋዮችህን እየሰረቀ ነው!»

«ሲሰርቅ አየሽው?»

«በእጁ ይዞ…»

ዛፉን መዳፏ ላይ አኖርኩና «ዛፉ ወንዝ ዳር ነበር» ብዬ ጀመርኩላት።

ያኔ ለእኔ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ የትኛው እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የምጠረጥረው አለ። አላየሁትምና አልጽፈውም።