የሮውሌቱ የማሽላ ደቦ

ሲራጁዲን በሰው አገር፣ ከግሬፕቫይን ከተማ ሆቴሎች ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ አስራ አራት ዓመቱ ነው። ሶፋ የሚያነሳ፣ ለቅሶ ቤት ወንበር የሚደረድር ሲጠፋ ኮል የሚደረገው ለእሱ ነው፤ እምቢ ማለት አያውቅም። ወሎ ሳሉ አባቱ ደቦ ሲጠሩ አገር ይነቃነቅ ነበር፤ ይህን ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም።

በሚኖርበት ሮውሌት ከተማ ጎረቤቱ ባካሪ የማሊ ገበሬ ልጅ ነው። ጓሮው የዘራት ማሽላ ለአጨዳ ስትደርስ ወገቡን ያዘው። «እኛም መንደር ዱሮ በከበሮ ተጠራርተን ነበር የምናጭደው» አለ። «አሁን ወጣቱ ወርቅ ቁፋሮ ሄደ። ያለ ክፍያ የሚመጣ የለም፤ ቀርቷል።»

ሲራጁዲን ደሙ ፈላ። «ወላሂ አልቀረም! ቅዳሜ አሳይሃለሁ!»

ቤቱ ሲገባ ግን ፍርሃት ያዘው። ቅዳሜ ማን ኦፍ ነው? ማንም ባይመጣስ፣ በምን ዓይኑ ባካሪን ያያል? ሶ፣ የመስጊዱም፣ የዕድሩም፣ የሾፌሮቹም ግሩፕ ላይ ቴክስት አደረገ። ሚስቱ አይሻ፣ «ሁለት መኪና ለማያስቆም ጓሮ?» ብላ ሳቀችበት።

ቅዳሜ ጠዋት አርባ ስድስት ሰው መጣ። ማጭድ የት ይገኛል? የወጥ ቤት ቢላ፣ የአጥር መቀስ፣ አንዱማ የፀጉር ማሽን ይዟል። ማሽላዋ በአራት ደቂቃ አለቀች፤ ሰላምታው እንኳ ገና አላለቀም።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። የዕድሩ ጌትነት ከሆስፒታል ሽፍት ዘግይቶ መጣና ባዶውን መሬት አይቶ ተኮሳተረ። «ሳልሠራ ልብላ? ምን በድያችሁ ነው?» እውነቱን ነው፤ ደቦ ላይ ላቡን ሳያፈስ የሚጎርስ ወንድ የለም። ሲራጁዲን ምን ያድርግ? አገዳውን መሬት ላይ መልሶ ሰካው። ጌትነት አጨደ። ሾፌሩ ሌሊሳ መጣ፤ እንደገና ተሰካ፣ ታጨደ። እስከ ዙሁር ሶላት ያቺ ማሽላ ሆ እየተባለ ስድስት ጊዜ ታጨደች።

ባካሪ ሲስቅ ወገቡ ይወጋዋል፣ ቢሆንም ይስቃል። ማሊ ላሉት ታላቅ ወንድሙ ቪዲዮ ኮል አደረገና ስልኩን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ሲራጁዲን መቀሱን ከፍ አድርጎ፣ «አልቀረም በልልኝ!» አለ።

ሽማግሌው ሕዝቡን አዩና አንድ ነገር ጠየቁ። የባካሪ ሳቅ ቆመ።

«ምን አሉህ?» አለ ሲራጁዲን።

«ማን ሞተ አሉኝ። እኛ ዘንድ አሁን ይህን ያህል ሰው የሚሰበሰበው ለቀብር ብቻ ነው።»

ሲራጁዲን ወደ ስልኩ ተጠጋ። «ማንም አልሞተም፣ አጨዳ ነው በላቸው እንጂ!»

ባካሪ ነገራቸው። አላመኑም። እጃቸውን ዘርግተው ለሟቹ ዱዓ ጀመሩ፤ ያ ሁሉ ሰው ቢላውን መሬት አስቀምጦ «አሚን» አለ።