ለአክስቴ የታዘዘው መድኃኒት

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ናዝሬት በሙቀት ቀልጣለች። አክስቴ በር ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኝቻለሁ። ድንገት አፌ ላይ መጣልኝ...

«እቴቴ... ተኝቼ በዚያው ብቀር ደስ ይለኛል» አልኳት።

ዝም አለች። እቴቴን የማታውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባችሁም። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች፤ ስብሰባ ላይ አንዴ መናገር ከጀመረች ካድሬው ራሱ ነው «ጓድ፣ ሰዓት!» እያለ የሚለምናት።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ ሆዴም ገፍቷል። የልጁ አባት አብሮኝ የሚማር ልጅ ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፋ። አባቴ «ዓይንሽን እንዳላየው» ብሎ ከሞጆ ሲያባርረኝ መጥታ የወሰደችኝ እቴቴ ናት።

ከዚያ ወዲህ አልበላም፣ አልተኛም፣ ፀጉሬን እንኳ አላበጥርም። እቴቴ ያልሞከረችው የለም። ጠበል አስጠመቀችኝ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ «ፍል ውኃ ያፍታታታል» ስላለቻት ሶደሬ ወስዳ ነከረችኝ። ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያሽገው ድሬሰር «ደም አንሷታል» ብሎ ቀይ ክኒን ሰጠን። አንዲት ነርስ ብቻ ወደ ጥግ ጠርታት «የአእምሮ ሐኪም ይያት፣ አዲስ አበባ ነው ያለው» ብትላት...

«ልጄን እብድ ልታደርጊብኝ ነው?» ብላ ጮኸችባት።

ያን ከሰዓት ግን ምስሩን ትታ ተነሳች። በማግስቱ የአዲስ አበባው ባቡር ላይ ነበርን። ለጎረቤት «የሕፃን ልብስ ልንገዛ ነው» አለች።

የአእምሮ ሐኪሙ ሸበቶ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው።

«እንቅልፍ ይወስድሻል?» አለኝ።

«ኧረ ምን ይወስዳታል!» አለች እቴቴ።

«ምግብስ?»

«ዶሮ ሠርቼ አልነካችውም! ዶሮ እኮ ነው ዶክተር፣ በዚህ ኑሮ!»

«የሚያስፈራሽ ነገር አለ?»

«ምን ያስፈራታል? እኔ እያለሁላት!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ... እርጉዟ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ... ራሴው ደነገጥኩ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረና ሁሉን ዘረገፍኩት። ምጡን እንደምፈራ... ልጁን ባልወደውስ ብዬ እንደምሰጋ... እናቴ እንደናፈቀችኝ... ቀኑ ሲነጋ እንደሚከፋኝ። እቴቴ በመሃል አፏን ልትከፍት ስትል ሐኪሙ በእጁ ምልክት ያስቆማታል።

«ይሄ በሽታ ነው» አለኝ ስጨርስ። «እብደት አይደለም፣ ያንቺ ጥፋትም አይደለም። ይድናል።»

ለእኔ በየወሩ ቀጠሮ ሰጠኝ። ከዚያ ወደ እቴቴ ዞረ። «ለእርስዎም የማዝዝልዎት አለኝ። በየቀኑ አጠገቧ ተቀምጠው ያዳምጧታል። ምክር የለም፣ ቁጣ የለም፣ ዝም ብሎ መስማት ብቻ።»

«ዝም... ብዬ?» አለች፣ ትልቅ መርፌ የታዘዘላት ይመስል።

አደረገችው ግን! በየቀኑ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። እኔ እያለቀስኩ አወራለሁ፣ እሷ እንዳትናገር የነጠላዋን ጫፍ ታኝካለች። ላብ ያጠምቃታል። አንድ ቀን «በቃኝ፣ ዛሬ ይህን ያህል ነው» ብላት በእፎይታ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ቀስ በቀስ እንጀራው አፌ ላይ መጣፈጥ ጀመረ። እቴቴም ሞጆ ሄዳ፣ አባቴን እንዴት እንዳሳመነችው እንጃ፣ እናቴን ይዛልኝ መጣች። ምጡ ሲመጣ ሁለቱም አጠገቤ ነበሩ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ወዲያው ወደድኳት ብዬ አልዋሻችሁም... እያደር ግን ስትተኛ ቁጭ ብዬ የማያት ሆንኩ።

እቴቴ ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ ያረገዘች ልጅ ፊቷ ጠቁሮ ካየች፣ ጎትታም ቢሆን ቤት ታስገባታለች። ዝም ብሎ ማዳመጥን ከትልቅ ሐኪም እንደተማረች ለማስረዳት ብቻ... አንድ ሰዓት ሙሉ ታወራላታለች።