ለውሻ ጡት ሐኪም

ውሻዬ ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል እጢ ያወጣች ጊዜ ቆቦ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። በሬና ግመል ሐኪም ዘንድ መውሰድ ደንብ ነው፤ ውሻ ይዞ መሄድ ግን እብደት ነው። ባለባጃጁ እንኳ «ወንበሬን ታቆሽሽብኛለች» ብሎ ጥሎን ሄደ።

በማግስቱ በእግር ልወስዳት ቆርጬ ነበር። ማለዳ ለጉዳይ ጎብዬ ከተማ ደርሼ ስመለስ ግን ታላቅ ወንድሜ ቀድሞኛል። ሚስቱ የውሻዋን እግር ይዛለት፣ እጢውን በጋለ ማጭድ ተኩሶታል። አገሩ ሁሉ እባጭ ካየ ብረት ማጋል ነው፤ የጥጃም ይሁን የአህያ፣ የሰውም ቢሆን።

«በቃ፣ አድኜልሻለሁ። የምን ሐኪም ነው?» አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ። ደሜ ፈላ።

ቁስሉ ሲደርቅ ወንድሜ በደረሰበት ሁሉ ጉራውን ነዛ። ከቅርፊቱ ሥር ግን እጢው ሎሚ አክሎ ነበር። በዚያ ሐሩር እየጎተትኩ ወሰድኳት። የእንስሳት ሐኪሙ ሳይስቅ ዳበሳትና ካንሰር ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ።

«ሳያድግ መጥተው ቢሆን ቆርጬ አወጣው ነበር» አለ። «አሁን ብብቷ ድረስ ሄዷል። ከዚህ የተሻለ ሕክምና ቢገኝ አዲስ አበባ ነው፤ እሱም ያድናታል አልልዎትም። እኔ ጋ ያለው የሕመም ማስታገሻ ነው። መብላት ስታቆም ያምጧት፤ ሳትሰቃይ እንድታርፍ አደርጋለሁ።»

ሰው አድርጎ ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው። ቢሆንም ጠላሁት።

መብላት አቆመች፤ ወሰድኳት። የመጨረሻውን መርፌ ሲወጋት እኔን እያየች ጅራቷን ትቆላ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወንድሜ «ለውሻ ነው እንዴ እንዲህ የምትሆኚው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቤቱን መርገጥ ተውኩ።

ሰንበት ብሎ ሚስቱ ብቻዋን መጣች። አስታርቂ ብሎ የላካት መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩባት። እሷ ግን በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«እቴ፣ የውሻሽ እጢ ሲጀምራት ያማት ነበር?»

«ሲነኳትም አያማትም ነበር» አልኩ፣ በቁጣ።

እጇ ከነጠላዋ ሥር ጡቷን እንደያዘ ያየሁት ያኔ ነው።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪብኝ» አለችኝ።