የእንግዶቹ ክብሪት

ለብዙ ወር የሚከራዩ እንግዶች ሊገቡ ነውና ቤቱን እያሰናዳሁ ነው። ሳሙናውን ከካርቶኑ ሳወጣ ሽታው መተማ ወሰደኝ።

በደርግ ጊዜ አክስቴ፣ እትዬ ጥሩ፣ ወንዙ አጠገብ ክፍል ያከራዩ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ዱቄትና ጨው ያስቀምጣሉ፤ ሳሙናውንና ክብሪቱን አባቴ ተደብቆ ወደ ሱዳን እየተሻገረ ያመጣላቸዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች፣ «የሰሊጥ ነጋዴዎች ነን፤ ምርቱ እስኪገባ እንቆያለን» ብለው ገቡ።

በሳምንቱ፣ እንግዶቹ ወጣ ሲሉ፣ የጎደለውን ልንሞላ ገባን። ሳሙናው ከነወረቀቱ ነው። ዱቄቱም አልተነካም። ክብሪቱ ብቻ አልቋል፤ ወለሉን የሲጋራ ቁራጭ ሞልቶታል። ሁለቱም ወንበሮች የወንዙን መሻገሪያ ወደሚያሳየው መስኮት ዞረዋል።

እትዬ ጥሩ ሳሙናውን አገላብጠው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በዚህ ሐሩር ሳሙና ያልነካ ሰው ሊኖር አልመጣም። ሩጪ ልጄ፣ አባትሽ ዛሬ እንዳይሻገር ንገሪው።»

ቤት ስደርስ እናቴ ብቻዋን ማሽላ ትለቅማለች።

«እንግዶቹ ክብሪት አለቀብን ቢሉት ሊያመጣ ተሻገረ» አለችኝ።

አሁን ለአዲሶቹ እንግዶች ሳሙናውን መታጠቢያው ላይ አስቀመጥኩ። ክብሪቱን ግን ማንም ሊጨርሰው እስከማይችል ድረስ ደረደርኩት።