ውኃ ልክ የሚሉት ሰው

ሥራው በኮምፒውተር ፈሳሽ ማስመሰል ነው። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ ከጠርሙስ ሲንቆረቆር የምናየው ዘይት፣ ከብርጭቆ የሚፈናጠረው ወተት፣ ከብሩሽ የሚንጠባጠበው ቀለም፣ አንዳንዴ አንድም ጠብታ እውነት የለበትም። እንደሱ ያለ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቁጥር እየጨመረና እየቀነሰ፣ ይሄ ይወፍር ያ ይቅጠን እያለ የሚያፈሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በግንበኞች መሣሪያ ስም «ውኃ ልክ» አሉት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር በዚሁ ይጠራው ጀመር።

አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። አላገባም። የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ስለሚጮኽ ባልደረቦቹ አንድ በአንድ ወደ ፊተኛው ክፍል ተዛወሩ፤ እሱ ከማሽኖቹ ጋር ከኋላ ቀረ። ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያንጸባርቅ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል። አንድ ቁጥር ከነካ በኋላ ውጤቱን ለማየት ሦስት አራት ሰዓት መጠበቅ አለበት። ይጠብቃል። ምሳውን ብቻውን ይበላል፣ ሳህኑን አጥቦ ያስቀምጣል። አንዳንድ ቀን ከጠዋቱ «እንደምን አደርክ» ወዲያ የራሱን ድምፅ ሳይሰማ ይመሽበታል።

አባቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሥራውን ሲጀምር ሊያስረዳቸው ሞክሮ ነበር።

«ውኃ ነው የምሠራው፣ አባባ።»

«ውኃማ አለ እኮ» አሉት።

ከዓመታት በኋላ እናቱ ሞቱ። የዚያን ሰሞን አንድ የጎርፍ ትዕይንት ለማስረከብ ሁለት ቀን ቀርቶት ስልኩን አጥፍቶ ነበር። ሲከፍተው እህቱ አሥራ ሰባት ጊዜ ደውላለች። እየበረረ ሲደርስ ቀብሩ አልፏል። አባቱ በር ላይ ቆመው አዩትና፣ «ውኃህ ደረሰልህ?» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላምታቸው በታላቅ እህቱ በኩል ሆነ። «አባባ ደህና ናቸው» ትለዋለች በስልክ፤ «ሰላም በያቸው» ይላታል።

በስድስተኛው ዓመት የሕፃናት የሳል ሽሮፕ ማስታወቂያ ተሰጠው። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ ሽሮፑ ከጠርሙስ ወርዶ ማንኪያ ይሞላል። ግን እንቢ አለው። ውፍረቱን ሲጨምር ሙጫ ሆነ፤ ሲቀንስ ሻይ ሆነ። መሐል ላይ ሲያደርገው ደግሞ፣ ምኑ እንደሆነ እንጃ፣ መድኃኒት አይመስልም። የማስታወቂያው አዘጋጅ እያየ «ትንሽ ወፈር ይበል፣ ግን ቀለል ይበል» ይለዋል። አሥራ አንድ ጊዜ አስተካክሎ አሥራ አንድ ጊዜ ተመለሰበት።

በዚህ መሐል እህቱ ደወለች።

«አባባ ሆስፒታል ገብተው ነበር» አለችው። «ስትሮክ ነው አሉ። አሁን እኔ ቤት ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተሳስሯል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስልክህን የምታነሣ አልመሰለኝም።»

መልሱን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«የከፋው መጠጡ ነው። ውኃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል። ነርሷ ማወፈሪያ ዱቄት ሰጥታናለች፤ በውኃም በወተትም ልኩን ማግኘት ግን አልቻልኩም። አንዴ ትን ይላቸዋል፣ አንዴ እንደ ጭቃ ሆኖ ይተፉታል። በውኃ ጥም ሊያልቁብኝ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። አባቱ መስኮቱ ሥር በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሲገባ አዩት፤ ፊታቸውን አላዞሩበትም።

ኩሽና ገብቶ ስድስት ብርጭቆ ደረደረ። እህቱ በሩን ተደግፋ ታየዋለች። ዱቄቱን ለክቶ እያማሰለ፣ ሰዓት እያየ፣ ማንኪያውን እያዘነበለ አወራረዱን ተመለከተ። ጥፋቱ ቶሎ ገባው። ዱቄቱ ውኃን ወዲያው ያወፍራል፤ ወተት ላይ ግን ጊዜ ይፈጃል። እህቱ ገና ቀጭን ነው ብላ ስትጨምርበት፣ አባቱ አፍ እስኪደርስ ጭቃ ይሆናል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ከየት አወቅኸው?»

«ሥራዬ ነው፣ እትዬ።»

አንዱን ብርጭቆ ይዞ ከአባቱ ፊት ተንበረከከ። ነርሷ ለእህቱ እንዳሳየቻት አገጫቸውን ዝቅ አድርጎ ግማሽ ማንኪያ ሰጣቸው። ጉሮሯቸው ወጣ ወረደ። ሳል አልመጣም። ሌላ ግማሽ ሰጣቸው። በሦስተኛው ላይ አባቱ ከአፋቸው ጋር ብዙ ታግለው አንድ ቃል አወጡ።

«ወ... ፈረ።»

ቀጠን አድርጎ አመጣላቸው።

«ቀ... ጠነ።»

ተመልሶ ኩሽና ገባ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ምንም ሳይሉ ጨረሱት። እህቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች፤ ቀረብ ብሎ ሲያያት ግን ታለቅስም ነበር።

ሰኞ ሥራ ሲገባ ያ ማንኪያ ከዓይኑ አልጠፋም። የቤቱ ማንኪያ በአንድ ትንፋሽ ይሞላል፤ የሱ ሽሮፕ ግን እየተንቀራፈፈ ነው የሚወርደው። ልኬቱን መረመረ። ለካ ጥፋቱ ከውፍረቱ አልነበረም። ማንኪያውን ሲሠራ ገንዳ የሚያህል አድርጎት ኖሯል፤ ኮምፒውተሩም እንደታዘዘው ገንዳ ሲሞላ እያሳየው ነበር። ልኬቱን አስተካክሎ ውፍረቱን መጀመሪያ ቀን ወደነበረበት መለሰው። አዘጋጁ አንዴ አይቶ «ይኸው» አለ። ፊተኛው ክፍል ያሉት አጨበጨቡለት፤ አጨብጭበው ወደየሥራቸው ዞሩ። ለማን እንደሚነግር እያሰበ ስልኩን ይዞ ጥቂት ቆየና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ሙሉ ቅዳሜና እሑድን እህቱ ቤት ዋለ። ጠዋት አባቱን ያጠጣል፣ ከሰዓት ያጠጣል፣ መሐሉን ሁለቱም አብረው ይቀመጣሉ። አንድ ቅዳሜ ማስታወቂያው በቴሌቪዥን መጣ።

«አባባ፣ ይሄ የሱ ሥራ ነው» አለች እህቱ።

አባቱ እስኪያልቅ ድረስ ትኩር ብለው አዩና «ወፈረ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ትንሽ ወፍሯል።

ሌላ ቀን እህቱ ገበያ ሄዳ ብቻቸውን ሲሆኑ ደፍሮ ጀመረው።

«አባባ፣ እማማ ያረፉ ቀን...»

አባቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጤነኛው እጃቸው ብርጭቆውን ወደሱ ገፋ አደረጉት። ጨምርልኝ ይሁን በቃኝ ማለታቸው አልገባውም። ጨመረላቸው፤ ጠጡ። ወሬው እዚያው ላይ ቀረ።

አንድ ረቡዕ እህቱ ደውላ ከሌሊት ጀምሮ ትኩሳት እንዳላቸው፣ ትንፋሽም እንዳጠራቸው ነገረችው። ማሽኖቹን እየሠሩ ትቷቸው ወጣ። ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ሲደርስ አባቱ ካረፉ ሃያ ደቂቃ ሆኗቸዋል። ቀብሩ ላይ ግን ነበረ፤ ከፊት ቆመ። ጎረቤቶች «አባትህን በደንብ አስታመምክ» ሲሉት አንገቱን ነቀነቀ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሚሄድበት አልነበረውም። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው እህቱ ደወለች።

«አትመጣም እንዴ?»

«መጥቼ ምን ልሥራ፣ እትዬ?»

«ምን ትሠራለህ? ትቀመጣለህ።»

ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ሄደ። የእህቱ ባል ጋዜጣ ያነባል፣ እህቱ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም፤ እሱም በሩ አጠገብ ያለውን መረጠ። ሊመሽ ሲል ተነሥቶ «በሉ ደህና ሁኑ» አለ። እህቱ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ እስከ ፌርማታው ሸኘችው፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ጎን ለጎን ቆመው መንገዱን አዩ።