«ጋሽ አባይነህ አይተዋል ወይ?»

ከራቤል ከተማ ወዲያ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው ደብር፣ ሰው ሞተ ተብሎ ወዲያው አይለቀስም። መጀመሪያ «ጋሽ አባይነህ አይተዋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ነገሩ የመጣው ወሰኔ የሚባል ገበሬ ተገንዞ፣ ቃሬዛ ላይ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ውሃ የጠየቀ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ማን ደፍሮ በወሬ ይቀብራል!

ጋሽ አባይነህ ሬሳ ገናዥ ናቸው። ቄስ አይደሉም፤ መድኃኒትም አያውቁም። በር ይዘጉና ከበግ ጠጉር የተፈተለች ቀጭን ክር በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ሞተ ከተባለው ሰው አፍንጫ ሥር ይይዛሉ። ክሯ ጸጥ ካለች ወጥተው «አይቻለሁ» ይላሉ። ግቢው በለቅሶ የሚናጋው ያኔ ነው።

በ1996 ዓ.ም. ከጤና ጣቢያ የመጣችው ትሕትና ይህን ሰምታ በደግነት ሳቀች።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ምልከታ ይባላል።»

«ስምም አለው?»

«አለው። ሰው ስላለ ወይም ስለመሰለን ሳይሆን፣ አይቶ ማወቅ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው በእርስዎ ቦታ ተቀምጦ ቢያይ ያንኑ ማግኘት አለበት።»

የኋለኛውን ልብ ሳይሉት ቀሩ። ስሙን ግን ወደዱት፤ የበጊቱ ማርገዝ እንኳ «በምልከታ ነው» ሆነ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ሙታኑ እምቢ ማለት ጀመሩ። ጠዋት ያረፈ ሰው አፍንጫ ሥር ክሯ እስከ ማታ ትንቀሳቀሳለች። እማሆይ ወለተ ኢየሱስን ሁለት ቀን ጠበቋቸው። ፊታቸው ጠቁሮ፣ ሽታው ሰው ከቤት እያስወጣ፣ ጋሽ አባይነህ «ገና ናቸው» አሉ። በመጨረሻ ቄሶቹ በግድ ቀበሯቸው። አገሩ ላይ አንድ ነገር ወርዷል ተባለና በየቤቱ ጠበል ተረጨ። ጋሽ አባይነህ ግን ዓይናቸውን አልካዱም። እስትንፋሳቸው ሳይወጣ ቀበርናቸው እያሉ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ተራው የሚስታቸው የጠጄ ሆነ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ትንፋሿ ተቋረጠ። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አፉን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆመ። ከእንዲህ ያለ ዝምታስ ጩኸት ይሻላል።

ጋሽ አባይነህ ክሯን ያዙ። ተንቀሳቀሰች።

«አለች!» አሉ።

ልጃቸው ጌታነሽ የእናቷን እግር ዳሰሰች። ድንጋይ ሆኗል። «አባዬ፣ በርዳለች።»

«ክሯን አታዪም? ይቺንም ከነነፍሷ ልትቀብሩብኝ ነው?»

ጌታነሽ ክሯን አየች፤ ከክሯ ወደ ላይ ደግሞ የያዟትን ጣቶች አየች። «እስቲ ለእኔ ይስጡኝ» አለች። በእሷ ጣት ክሯ ቀጥ ብላ ተንጠለጠለች። ሁለቱም ብዙ ጠበቁ። ምንም የለም።

«እጅዎ ነው አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «የሚንቀጠቀጠው እጅዎ ነው።»

ክሯን መለሰችላቸውና ወጥታ «አይቻለሁ» አለች። ግቢው ጮኸ።

ጋሽ አባይነህ ብቻቸውን ቀሩ። ክሯን እንደገና ከጠጄ አፍንጫ ሥር ያዟት። ተንቀሳቀሰች። እያወቁም ደስ አላቸው።