የጭሱ ወተት

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሰበታ በሚገኝ የመኪና መለዋወጫ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ሥራው እቶን ፊት ቆሞ ባሌስትራ ማጋል ነው። የጭነት መኪና ሸክሙን የሚችለው በዚያ ብረት ነው። እቶኑ በናፍጣ ይነዳል፤ ጭሱ ግማሹ ወደ ሰማይ፣ ግማሹ ወደ ሠራተኛው ደረት ይሄዳል። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ የላስቲክ ወተት ይታደላል። ወተት የደረት ጭስ ያጥባል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እኔም እሱም አምነን ነበር።

ያኔ ልጃችን የበላችው የማይታይባት ቀጫጫ ነበረች። ከሥራ ሲገባ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ወተት አውጥቶ ይሰጣታል።

«አንተስ?» እለዋለሁ።

«ጠጥቻለሁ። ይሄ ትርፍ ነው፤ ለእቶን ሠራተኛ ሁለት ሁለት ነው የሚሰጡት።»

እኔም ፋብሪካውን መረቅሁ። ለሳሙና እንኳ የሚሰስት ፋብሪካ ወተት ሲሆን እጁ የሚፈታበትን ምክንያት አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ገባ። ባሌስትራውን የሚገዙት የውጭ ሰዎች «የካርቦን ልቀታችሁን ካልቀነሳችሁ አንገዛችሁም» ብለዋል፤ እቶኑ ተነቅሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሊገባ ነው አለኝ። በሩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት ሰሌዳ ተተከለ፤ ግቡ የሚደረስበት ዓመትም በትልቁ ተጻፈ። ሳሉ ያን ጊዜ ጀምሮታል። ሌላ ሥራ ፈልግ ብዬ ብወተውተው «ከእሳት ሌላ ምን አውቃለሁ? ሰሌዳው ላይ እስከተጻፈው ዓመት ብቻ ልቻል» አለ። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ተስፋ ያ ቁጥር ሆነ።

ዓመቱ ደረሰ፣ የውጭ ምንዛሬ የለም ተባለ። ቀለም ቀቢ መጥቶ ቁጥሩን በነጭ አጠፋና ሌላ ዓመት ጻፈበት። ያም ደረሰ፣ መብራቱ አያስተማምንም ተባለ፣ ሰሌዳው እንደገና ተቀባ። ዛሬም በዚያ በኩል ሳልፍ ደሜ ይፈላል። ለሰማዩ ቀነ ቀጠሮ እየተሰጠ ሲራዘም፣ የባሌ ደረት የሚራዘም ነገር አልነበረም።

በመጨረሻ አልጋ ያዘ። አንድ እሑድ እቶን ላይ አብሮት የሚሠራ የተፍኪ ልጅ ሊጠይቀው መጣ። ከአባቱ ቤት የታለበ ወተት በጀሪካን ይዞ ነበር። ባለቤቴ አንቀላፍቷል።

«አካም ጅርታ፣ እህቴ» አለና ወተቱን አቀበለኝ። «አሁን እንኳ ይጠጣ እስቲ። እዚያማ አንድ ቀን ሲቀምስ አላየነውም።»

«ሁለት እየተሰጣችሁ?»

«ሁለት? ለእኛ?» ጣቱን አነሳ። «ቶኮ! አንድ ናት እኮ። እኛ እዚያው እንጨርሳታለን፣ እሱ ኪሱ ይከታታል። ጠጣ ስንለው ‹ልጅቷ ትጠብቀኛለች› ይለናል።»

ልጃችን በሩ ላይ ቆማ ነበር። አድጋ ከአባቷ ትረዝም ነበር። ሰማችና ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ጀሪካኑን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

ለቀጠሮ ሐኪም ቤት ስንሄድ ሐኪሙን ለብቻው ጠየቅሁት፤ ወተቱን ጠጥቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ? «እናቴ፣ ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይገባም። ቢጠጣውም ያው ነበር» አለኝ። ይህን የነገርኩት ሰው ሁሉ እንግዲህ ተጽናኚ ይለኛል። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ የባሰ አለቀስኩ። ሐኪሙ የሚያውቀውን እሱ አያውቅም። መድኃኒቱ ይሄ ነው ብሎ ያመነውን ነው በየቀኑ ለልጁ ይዞላት የመጣው።

አዲሱ እቶን የገባው ከአልጋ መነሳት ካቃተው በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የተፍኪው ልጅ ደውሎ እንግዶቹ መጥተው ሪባን መቆረጡን ነገረን፤ ጭስ ስለሌለ ወተቱ መቅረቱንም ነገረን። ባለቤቴ ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ አለ። በመስኮቱ የፋብሪካው የጭስ ማውጫ ይታያል፤ ከላዩ ምንም አይወጣም። ብዙ ጊዜ አየው። «ጥሩ ነው» አለ።

ልጃችን በዚያ መሃል ወጥታ አንድ የላስቲክ ወተት ገዝታ መጣች። ለብ አድርጋ በብርጭቆ አቀረበችለት።

«አንቺስ?» አላት።

«ጠጥቻለሁ፣ አባ። ይሄ ትርፍ ነው።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ በየመሃሉ ሳሉን እያስታገሰ፣ አንድ ጠብታ ሳያስቀር ጠጣላት።